ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ላይ ጉድለት ለመሥራት የትኛው መንገድ ያዋጣል? ጅማ ላይ ሆኖ ለሚመርጥ

ባለ ሁለት አውታር ቁስ (እንደ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለ፣ በጣም ስስ በሆነ ንብርብር የሚሠራ ቁስ) ላይ ጉድለት ፈጥሮ ከውሃ ሃይድሮጅን ማውጣት የሚል የጥናት ርዕስ የያዘ ተማሪ ጽሑፎችን ማገላበጥ ሲጀምር ፕላዝማው፣ ፈርነሱ፣ ፐርኦክሳይዱ፣ ሊቲየሙ፣ ኮባልቱ ሁሉም በየተራ «ከሁሉ የተሻለ» ተብለው ይቀርቡለታል። ከሥራቸው የተጻፉት ቁጥሮች ግን በተለያየ ኤሌክትሮድ፣ በተለያየ የካታሊስት (ምላሹን የሚያፋጥነው ቁስ) ክብደትና በተለያየ አሲድ የተለኩ ስለሆኑ ጎን ለጎን አስቀምጦ መምረጥ አያስኬድም። ይህ መመሪያ የተጻፈው መብራት በሚቆራረጥበት፣ የጋዝ ሲሊንደር ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ በሚመጣበትና አንዳንድ ናሙና ለምርመራ ውጭ አገር ተልኮ በሚጠበቅበት ሁኔታ ለሚሠራ ሰው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጉድለት መሥራት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ምን ያህል እንደሠራችሁ ማስረዳት ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ ፊቴ ቢቀርብ፣ ትልቅ ውጤት ከሚያስገኘው ይልቅ መጠኑን የምቆጣጠረውንና ገምጋሚ ፊት የምከራከርበትን እመርጣለሁ።

በመጀመሪያ፣ ለምን ይህ ቁስ?

ግራፊን በ2004 ከተለየ ወዲህ የቁሱ ዓይነት በዝቷል። ንጹሕ ግራፊን ራሱ ለሃይድሮጅን ሰነፍ ነው፤ ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ካልተጨመረበት አይነቃም። በ2011 የመጡት ኤምዚኖች (ከብረትና ከካርቦን ወይም ናይትሮጅን የተሠሩ ስስ ንብርብሮች) ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋሉ፤ የተለመደው አሠራራቸው ግን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይፈልጋል። የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (ለዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚቀባ መድኃኒት) እና የሠለጠነ ሰው በሌለበት ላብራቶሪ ይህን አሲድ መክፈት አይገባም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ርካሽ ነው፤ በአሲድ ውስጥ ይቆያል፤ ታሪኩም በደንብ የተጻፈ ነው። በ2005 የቀረበ የቲዎሪ ስሌት የንብርብሩ ጠርዝ ሃይድሮጅንን በልኩ እንደሚይዝ አሳየ፤ በ2007 ደግሞ ወርቅ ላይ በተቀመጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሥራው በእርግጥም የጠርዙ መሆኑ በሙከራ ተረጋገጠ። ሰፊው የንብርብሩ ገጽ ግን ከፕላቲኒየም ጋር ሲወዳደር የሞተ ነው፤ ሃይድሮጅን እዚያ ላይ ለመቀመጥ ወደ 2 ኤሌክትሮንቮልት የሚጠጋ ጉልበት ይጠይቃል። ሁለት መፍትሔ አለ፦ ጠርዝ ማብዛት ወይም ከገጹ ላይ ሰልፈር አንስቶ ሞሊብዲነሙን ማጋለጥ። ሁለቱም በአንድ ቃል «ጉድለት» ተብለው ስለሚጠሩ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሰልፈሩ ከልክ በላይ ከተነሣ ደግሞ ቁሱ ራሱ ይፈርሳል ወይም ኦክሳይድ ይሆናል። ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ ወደ መጠን የሚመለሰው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የመጠን ቁጥጥር ነው። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ ጉድለት ያላቸው ናሙናዎችን በተርታ መሥራት ትችላላችሁ? አንድ «ጉድለት ያለው» እና አንድ «ጉድለት የሌለው» ናሙና ብቻ ይዞ የሚቀርብ ጥናት ምንም አያሳይም፤ ልዩነቱ ከገጽ ስፋት ወይም ከቆሻሻ ሊመጣ ይችላልና።

ሁለተኛው ማስረዳት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። በስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይ የተገጠመው የኤክስሬይ መለኪያ የሰልፈርና የሞሊብዲነም ጥምርታ አውጥቶ ሲሰጥ ማመን ያጓጓል። ነገር ግን የሰልፈር ዋናው መስመር 2.31፣ የሞሊብዲነሙ ደግሞ 2.29 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ላይ ነው፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለያቸውም። ከዚያ የወጣ «1.8 ለ 1» የሚል ቁጥር ቴሲስ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ጥምርታውን ለማወቅ ኤክስፒኤስ (የገጹን አተሞች በኤክስሬይ የሚለይ መሣሪያ)፣ ወይም ዱቄቱን አሟሙቶ በአይሲፒ (የሟሟውን ንጥረ ነገር መጠን የሚለካ መሣሪያ) መለካት ያስፈልጋል። ኤክስፒኤስም ቢሆን የሰልፈር 2ኤስ መስመር 226 ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ከሞሊብዲነሙ መስመሮች ጋር ስለሚጠጋጋ አብሮ ካልተተነተነ ያሳስታል። ክፍት የሰልፈር ቦታ ላይ የታሰረ ነጠላ ኤሌክትሮን በኢፒአር (ነጠላ ኤሌክትሮኖችን በማግኔት መስክ የሚያሳይ መሣሪያ) በጂ ዋጋ 2.003 ገደማ ይታያል፤ ማግኘት ከቻላችሁ ጥሩ ምስክር ነው። ኤክስአርዲ (የክሪስታሉን አወቃቀር በኤክስሬይ የሚያሳየው ምርመራ) የሚናገረው ስለ ንብርብሮቹ ርቀትና ስለ ባዕድ ውህዶች ነው፤ ባዶ ቦታ አይቆጥርም። ራማን (የቁሱን ንዝረት በሌዘር ብርሃን የሚያነበው ምርመራ) በ383 እና በ408 አካባቢ ያሉትን ሁለት ጫፎች ያሳያል፤ ጉድለት ሲበዛ ይሰፋሉ፣ ይንሸራተታሉም፤ መንሸራተት ግን ከንብርብር ቁጥርም ስለሚመጣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው የመብራትና የጋዝ ጥገኝነት ነው። ጊልገል ጊቤ ቅርባችን ቢሆንም መስመሩ የሚቋረጥበት ሰዓት አይታወቅም። አራተኛው አደጋ፣ አምስተኛው ገንዘብ ነው። ገንዘቡን መጨረሻ ያደረግሁት አውቄ ነው፤ የረከሰ ግን ሊብራራ የማይችል ሙከራ ዞሮ ዞሮ ይወደዳል።

ሃይድሮተርማል፣ ታዮዩሪያ በማብዛት

አሞኒየም ሞሊብዴትና ታዮዩሪያ ውሃ ውስጥ ሟሙተው የቴፍሎን ሽፋን ባለው ኦቶክሌቭ (ግፊት የሚችል የታሸገ የብረት ዕቃ) 220 ዲግሪ ላይ ለ18 ሰዓት ይቆያሉ። በ2013 የታተመው የታወቀው አሠራር ይህ ነው። ብልሃቱ ያለው ታዮዩሪያው ላይ ነው፦ ለ1 ሚሊሞል አሞኒየም ሄፕታሞሊብዴት 14 ሚሊሞል ታዮዩሪያ ልኩ ነው፤ ሰባቱ ሞሊብዲነሞች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰልፈር ያገኛሉ። ወደ 30 ሲወጣ ትርፉ ታዮዩሪያ በሚያድገው ቅንጣት ላይ ተለጥፎ ሥርዓት ያለውን እድገት ያደናቅፋል፤ ንብርብሩ ተሰነጣጥቆ ያድጋል፤ በየስንጥቁ አዲስ ጠርዝ ይፈጠራል። በዚያ ጥናት ሥራው ከ120 ሚሊቮልት ገደማ የሚጀምርና የታፌል ስሎፑ (ዥረቱን አሥር እጥፍ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቮልቴጅ) 50 ሚሊቮልት የሆነ ካታሊስት ተገኝቷል።

የመጠን ቁጥጥሩ ጥሩ ነው፤ በ14 እና በ30 መካከል ያሉ ናሙናዎችን በተርታ መሥራት ይቻላል። ሙቀቱን ዝቅ ብታደርጉ ደግሞ ከመነሻው ሞሊብዴት የቀረ ኦክስጅን በቁሱ ውስጥ ይያዛል፤ ይህ ሌላ ዓይነት ጉድለት ስለሆነ ሙቀትንና ታዮዩሪያን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። እዚህ የሚሠራው በዋናነት ጠርዝ መሆኑንም አትርሱ። ርዕሳችሁ «የሰልፈር ባዶ ቦታ» የሚል ከሆነ ይህ መንገድ ርዕሱን አያስረዳላችሁም። ወይ ርዕሱ ይቀየር ወይ መንገዱ።

ድክመቱ 18 ሰዓቱ ነው። ወፍራሙ ብረት ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ የአጭር ጊዜ መቋረጥ ብዙ አይጎዳም፤ ሌሊቱን ሙሉ የጠፋ መብራት ግን ያንን ዙር ሌላ ናሙና ያደርገዋል። ጠዋት የሰዓት መቁጠሪያውን አይታችሁ «18 ሰዓት ሞልቷል» ከማለት ይልቅ የሙቀት መዝጋቢ ከኦቭኑ ጋር አስገቡ። ኦቶክሌቩን ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ብቻ ሙሉት፤ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱት፤ ስትከፍቱትም ጭስ ማውጫ ሥር ይሁን፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድና አሞኒያ ነው።

በኬሚካል መፋቅ (ኤቺንግ)፦ ፐርኦክሳይድ ወይም ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ

የተዘጋጀ ዱቄት ወስዶ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከገጹ ላይ ሰልፈር ማንሳት ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው። ሦስት መቆጣጠሪያ አለው፦ የኬሚካሉ ጥንካሬ፣ ሙቀቱና ጊዜው። ሁለቱን አስሮ አንዱን በመቀየር አምስት ስድስት ናሙና በአንድ ከሰዓት ይወጣል፤ መብራት ቢሄድም ሙከራው አይበላሽም። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው።

ጥንቃቄው ብዙም የማይጻፍለት ቦታ ላይ ነው። ፐርኦክሳይድ በጠርሙሱ ውስጥ እያለም ይደክማል። ጠርሙሱ ላይ 30 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ከወራት ጉዞና ከመጋዘን ሙቀት በኋላ እውነት ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ በየሥራው ቀን በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ቲትሬት አድርጉትና (ጥንካሬው በታወቀ መፍትሔ ለኩትና) የተገኘውን መዝግቡ። ይህ ካልተደረገ የጥቅምቱ ናሙና በመጋቢት አይደገምም። መፋቁ ሲበዛ ሞሊብዲነሙ ራሱ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ከገጹ አልፋችሁ ቁሱን መብላት ጀምራችኋል። ከመሥራታችሁ በፊትና በኋላ ዱቄቱን መዝኑ። ፐርኦክሳይድ የሞሊብዲነምና የኦክስጅን ትስስር ጥሎ እንደሚያልፍም አስቡ፤ መሻሻሉ ከባዶ ቦታው ነው ወይስ ከኦክስጅኑ የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ቦሮሃይድራይድ ኦክስጅን ስለማይጨምር ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል። ነገር ግን እርጥበት ይጠላል፤ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን ይለቃል። በጅማ ክረምት ክዳኑ ላልቶ የሰነበተ ጠርሙስ ዋጋ የለውም፤ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚሠራበት ዕቃ ግን ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑ ተጠብቆ አይዘጋ።

በኤሌክትሮኬሚስትሪ ሰልፈር ማንሳት

ፖቴንሽዮስታት (የኤሌክትሮዱን ቮልቴጅ የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካላችሁ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። በ2017 እንደታየው ኤሌክትሮዱን ወደ ነጌቲቭ 1 ቮልት አካባቢ (ከተገላባጭ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አንጻር) መግፋት የገጹን ሰልፈር በሃይድሮጅን ሰልፋይድ መልክ ያነሳዋል። ቮልቴጁና ጊዜው መጠኑን ይወስናሉ፤ ያው ኤሌክትሮድ በፊትና በኋላ ስለሚለካ የክብደት ልዩነት የሚያመጣው ጭቅጭቅ የለም። ሥራው አጭር ስለሆነ ላፕቶፕና ትንሽ ዩፒኤስ ይበቁታል።

ችግሩ ሁለት ነው። በዚያ ቮልቴጅ የሚወጣው የሃይድሮጅን አረፋ በናፊዮን (ማጣበቂያ ፖሊመር) የተለጠፈውን ዱቄት ይነቅለዋል፤ ስለዚህ ከዱቄት ይልቅ ቀጭን ፊልም ላይ ያምራል። ሁለተኛው፣ ግላሲ ካርቦን (የመለኪያው ኤሌክትሮድ) ላይ ያለችው ናሙና ትንሽ ስለሆነች ለአይሲፒ አትበቃም፤ ማስረጃው በኤክስፒኤስ ላይ ይወድቃል።

በፈርነስ፣ በሃይድሮጅንና አርጎን

ከ400 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሃይድሮጅን ሰልፈሩን ይዞ ይወጣል። ውጤቱ ንጹሕ ነው፤ ፈሳሽ ኬሚካል የለበትም፤ ጉድለቱም ሙቀቱን ተከትሎ ይጨምራል። የቱቦ ፈርነስና የጋዝ ፍሰት መቆጣጠሪያ ያለው ሰው ሊሞክረው ይገባል። ጅማ ላይ ግን ዋናው ጣጣ ሲሊንደሩ ነው፦ ግዢው፣ ፕሮፎርማው፣ መጓጓዣው፣ ባዶውን መመለሱ። ጋዙ በመሃል ካለቀ ወይም መብራት ሄዶ ፍሰቱ ከቆመ ትኩሱ ናሙና አየር አግኝቶ ኦክሳይድ ይሆናል። ንጹሕ ሃይድሮጅን አትግዙ፤ በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ይነድዳል። በአርጎን የተቀላቀለ፣ ሃይድሮጅኑ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ይበቃል።

ፕላዝማ፣ ሊቲየም፣ ኮባልት

የአርጎን ፕላዝማ ለነጠላ ንብርብር ፊልም ግሩም ነው። በሰከንዶች ይሠራል፤ በ2016 የሰልፈር ባዶ ቦታንና የንብርብር መወጠርን አጣምሮ የሞተውን ገጽ እንዳነቃ ታይቷል። ዱቄት ላይ ግን ላዩን ብቻ ይመታል። መሣሪያው ከሌለ ለአንድ ቴሲስ ብሎ አይገዛም።

ቢዩታይል ሊቲየም ንብርብሩን ወደ ብረታዊው ቅርጽ ይቀይረዋል፤ ውጤቱ ያማረ ነው። ኬሚካሉ ግን አየር ሲነካው በራሱ ይነድዳል። ግላቭ ቦክስ (አየር የማያስገባ የሥራ ሣጥን) ከሌለ አይታሰብም፤ ቅርጹም በጊዜና በሙቀት ወደነበረበት ይመለሳል።

ኮባልት መጨመር ለሃይድሮተርማሉ የኮባልት ናይትሬት ቁንጥር ማከል ማለት ስለሆነ ቀላል ይመስላል። የተለየ ኮባልት ሰልፋይድ አብሮ ከተፈጠረ ግን ያ ራሱ ካታሊስት ነው፤ ሃይድሮጅኑን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ኤክስአርዲው ንጹሕ ካልሆነ አትቀጥሉ።

በነገራችን ላይ፣ ከቡና ገለባ ካርቦን ሠርቶ «ጉድለት የበዛበት ባለ ሁለት አውታር ቁስ» ማለት እኛ ዘንድ ፈታኝ ነው፤ ገለባው በየቡና መፈልፈያው ተከምሯል። የሚገኘው ግን ቀዳዳ የበዛበት፣ ሥርዓት የሌለው ካርቦን ነው። ለሞሊብዲነም ዳይሰልፋይዱ ተሸካሚ ቢሆን ያምርበታል።

| መንገድ | የመሣሪያ ወጪ | የመጠን ቁጥጥር | መብራት ቢቋረጥ | ማስረዳት | ዋና አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሃይድሮተርማል | ዝቅተኛ | ጥሩ | ረጅም ከሆነ ይጎዳል | ለጠርዝ ጥሩ፣ ለባዶ ቦታ ደካማ | ግፊት፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ |
| ፐርኦክሳይድ | በጣም ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ፣ ቲትሬት ከተደረገ | አይጎዳም | መካከለኛ፣ ኦክስጅን ያወዛግባል | ቃጠሎ |
| ቦሮሃይድራይድ | ዝቅተኛ | ጥሩ | አይጎዳም | ጥሩ | ሃይድሮጅን መልቀቅ |
| ኤሌክትሮኬሚካል | ፖቴንሽዮስታት ካለ የለም | በጣም ጥሩ | በዩፒኤስ ይታለፋል | ኤክስፒኤስ ካለ ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ፈርነስ | ከፍተኛ | ጥሩ | በጣም ይጎዳል | ጥሩ | ተቀጣጣይ ጋዝ |
| ፕላዝማ | በጣም ከፍተኛ | ለፊልም በጣም ጥሩ | አጭር ስለሆነ ይታለፋል | ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ሊቲየም | ከፍተኛ | ደካማ | አይጎዳም | መካከለኛ | እሳት |
| ኮባልት | ዝቅተኛ | መካከለኛ | እንደ ሃይድሮተርማል | አስቸጋሪ | የኮባልት መርዛማነት |

የትኛውም ቢመረጥ፣ መለኪያው ላይ

የፕላቲኒየም ሽቦን መልስ ኤሌክትሮድ (ካውንተር፣ የዥረቱን ዑደት የሚዘጋው) አድርጋችሁ በአሲድ ውስጥ ከሠራችሁ፣ ፕላቲኒየሙ ቀስ እያለ ሟሙቶ ናሙናችሁ ላይ ይለጠፋል። «ካታሊስታችን በዑደት ብዛት እየተሻሻለ ሄደ» የሚሉ ጽሑፎችን ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የመልስ ኤሌክትሮዱን ዓይነት ነው። በኤሌክትሮኬሚካሉ መንገድ ይህ ስሕተት ጥናቱን ሙሉ በሙሉ ይገድለዋል። የግራፋይት ዘንግ ግዙ፤ ርካሽ ነው።

ኦቨርፖቴንሻል (ምላሹን ለማስኬድ የሚጨመረው ትርፍ ቮልቴጅ) ብቻውን ጉድለትን አይመሰክርም፤ የገጽ ስፋትም ያሻሽለዋል። የድርብ ንብርብር ካፓሲታንስ (የሚሠራውን የገጽ ስፋት የሚጠቁም መጠን) ለክታችሁ ዥረቱን በእሱ አካፍሉ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ከጠፋ የሠራችሁት ስፋት ነው ማለት ነው፤ ይህም ውጤት ነው፣ በስሙ ይጻፍ። የታፌል ስሎፕ 120 አካባቢ ከሆነ ምላሹን ወደኋላ የሚጎትተው የመጀመሪያው እርምጃ (ሃይድሮጅን ገጹ ላይ መቀመጡ)፣ 40 አካባቢ ከሆነ ሁለተኛው (ከገጹ በጋዝ መልክ መላቀቁ) ነው። የብር ክሎራይድ ሪፈረንሱን (የቮልቴጅ ማነጻጸሪያውን ኤሌክትሮድ) በ0.197 ቮልት ቀይሮ ከማለፍ ይልቅ በሃይድሮጅን በተሞላ አሲድ ካሊብሬት ማድረግ ይሻላል። እዚህ ላይ የጅማ ነገር ይመጣል፦ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ከ1 ከባቢ አየር በአምስት አንድ ያህል ያነሰ ነው፤ የውሃ ተኑ ሲቀነስ የሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮድ በ3 ሚሊቮልት ገደማ ይንሸራተታል። ጥቃቅን ነው፤ ግን በ5 ሚሊቮልት መሻሻል የሚኮራ ሰው ይህን ማስላት አለበት።

ለማን የትኛው

አንድ ዓመት የቀረው፣ እጁ ላይ ኦቭን፣ ሴንትሪፉጅና ፖቴንሽዮስታት ብቻ ያለው የማስተርስ ተማሪ ፐርኦክሳይዱን ይያዝ። አምስት መጠን፣ ለእያንዳንዱ መጠን ሦስት ኤሌክትሮድ፤ ቢችል አንድ የቦሮሃይድራይድ ናሙና ለማነጻጸሪያ። አይሲፒ ካገኘ ጥምርታውን በዚያ ይለካ።

ርዕሱ «ጠርዝ» ወይም «ሥርዓት ማጣት» ላይ ያዘነበለ፣ ወይም በግራም የሚቆጠር ዱቄት የሚያስፈልገው ሰው ሃይድሮተርማሉን ይምረጥ። ጄኔሬተር ከሌለው ሙሉውን 18 ሰዓት ሊከታተለው በሚችልበት ቀን ይጀምር።

ለፒኤችዲ፣ ኤክስፒኤስ የሚያደርግለት ተባባሪ ላብራቶሪ ካለ፣ ኤሌክትሮኬሚካሉን በቀጭን ፊልም ላይ እመርጣለሁ፤ በቮልቴጅ የተወሰነ መጠን ለጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። ፈርነስና ጋዝ በተቋሙ ተሟልቶ ከተገኘ በዚያ የተሠራ አንድ ተርታ ጨምሮ ሁለቱ መንገዶች አንድ አዝማሚያ ይሰጡ እንደሆነ ማየት ጥናቱን በእጅጉ ያጠነክረዋል። በጀት ኖሯችሁ መሣሪያ ልትገዙ ከሆነ ከፕላዝማው በፊት ራማንን አስቡ፤ ሌሎች ተማሪዎችም ይጠቀሙበታል።

ናሙና ውጭ ስትልኩ ያልተነካውን ማነጻጸሪያ በዚያው ጥቅል፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ማሸጊያ ላኩት። ባዶ ቦታው በጉዞ ላይ ከአየር ኦክስጅን ይይዛል፤ በአርጎን ወይም በቫክዩም ይታሸግ፤ የታሸገበትና የተለካበት ቀን ሁለቱም ይመዝገቡ። ሁለቱ ናሙናዎች እኩል ኦክሳይድ ሆነው ከተመለሱ ቢያንስ ልዩነታቸው ይነበባል፤ አንዱ ብቻውን ከሄደ ግን የመጣው ቁጥር የጉድለቱ ይሁን የፖስታው መለየት አይቻልም።